«524 ሜትር ማዕበል» እና ሌሎች የበርጫ ወሬዎች

ድሬዳዋ ላይ የማዕበል ወሬ ሲነሳ አንዱ ስልኩን አውጥቶ «አላስካ ላይ 524 ሜትር ማዕበል ተነስቷል» ሳይል በርጫው አይበተንም። አልተነሳም። 524 ሜትር ውሃው ዳገቱን የወጣበት ልክ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 9 ቀን 1958 መሬት ሲንቀጠቀጥ፣ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ዓለት አላስካ ውስጥ ወዳለው ሊቱያ ሰላጤ ጠባብ ጫፍ ተናደ። የተገፋው ውሃ ፊት ለፊት ያለውን ዳገት መትቶ ሽቅብ ተወረወረ፤ ጫካውን ከነአፈሩ ልጦ ድንጋዩን ያስቀረበት መስመር ነው የተለካው። ወደ ሰላጤው አፍ የሄደው ማዕበል ግን በአሥሮች ሜትር የሚቆጠር ነበር። እዚያ ከነበሩት ሦስት ጀልባዎች የሁለቱ ሰዎች ተርፈዋል። 524 ሜትር ቢሆን ማን ይተርፍ ነበር?

ያላመነ ሳፋ ያምጣ። ውሃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሙላ፣ ጣውላ አጋድሞ ጫፉን ውሃው ውስጥ ይንከር፣ ከላይ አንድ ኪሎ ጠጠር በካርቶን አግዶ ካርቶኑን ባንዴ ያንሳ። መሃል ላይ የሚታየው እብጠትና ወዲያኛው ግድግዳ ላይ የሚወጣው ውሃ እኩል አይደሉም። ጠጠሩን ቀስ በቀስ ከለቀቁት ደግሞ ውሃው ሽክርክር ብሎ ዝም ይላል። ብዛቱ ብቻ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው ማዕበል የሚሠራው።

ጣሊያን ውስጥ ቫዮንት በሚባለው ግድብ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ከግድቡ ሐይቅ በላይ ያለው የቶክ ተራራ ጎን ለሦስት ዓመት ያህል ሲንፏቀቅ ከረመ፤ መጨረሻ አካባቢ በቀን 20 ሴንቲ ሜትር ደርሶ እንኳ ሐይቁ ምንም አላለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 9 ቀን 1963 ሌሊት ግን 270 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ባንዴ ወረደ፤ ወደ 2,000 ሰው አለቀ። «ግድቡ ተሰብሮ» የሚሉም አሉ። ግድቡ ዛሬም ቆሟል፤ ውሃው በላዩ ዘሎ ነው የሄደው።

«መሬት ካልተንቀጠቀጠ ማዕበል የለም»፦ ኢንዶኔዥያ ያለው እሳተ ገሞራ አናክ ክራካታው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2018 ጎኑ ተንዶ ባሕር ሲገባ ያስጠነቀቀ መንቀጥቀጥ አልነበረም፤ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል።

«የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ሱናሚ ነበር»፦ አልነበረም። ከላይ ተራራው ላይ የጣለ ዝናብ ድሬዳዋን አቋርጦ በሚያልፈው በደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ወርዶ ነው ሌሊት ከተማ የገባው። በክረምት አሸዋው ላይ ዕቃ የሚዘረጋ ሰው የድሬን ሰማይ ሳይሆን ከከተማዋ በላይ ያለውን የደንገጎን ተራራ ደመና ይይ።