የሠራተኛው የሕይወት ታሪክ ለማን ይጻፋል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የሚጽፉት ለዝና ወይም ለገንዘብ ነው»

ሠራተኞች ስለ ገዛ ሕይወታቸው ከሚጽፉት አብዛኛው ከቤት ሳይወጣ ይቀራል። በብሪታንያ ብሩኔል ዩኒቨርሲቲ ከ200 በላይ የሠራተኞች የሕይወት ታሪኮች ተሰብስበዋል፤ ብዙዎቹ ታትመው አያውቁም። ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው እንዲያነቡት ብለው የሚጀምሩ ብዙ ናቸው። ለንደናዊው ልብስ ሰፊ ፍራንሲስ ፕሌስ እ.ኤ.አ. በ1823 መጻፍ የጀመረው የሕይወት ታሪክ የታተመው በ1972 ነው። ጣሊያናዊቷ ገበሬ ክሌሊያ ማርኪ ደግሞ ባለቤቷ ከሞተ በኋላ ሕይወቷን የጻፈችው በአልጋ አንሶላ ላይ ነው። አንሶላው ዛሬ በፒየቬ ሳንቶ ስቴፋኖ ከተማ ተቀምጧል።

«ብሶት ለማሰማት ነው»

ብሶት አለ። ሰፊውን ቦታ የሚይዘው ግን ብዙ ጊዜ ሥራው ነው፦ የፈረቃው ሰዓት፣ የሳምንቱ ደመወዝ፣ የመሣሪያው ስም፣ ጣት እንዳይቆረጥ የሚደረገው ጥንቃቄ፣ አለቃ ሳያይ ትንፋሽ የሚሰበሰብበት መላ። ማሽኑ ሲቀየር ወይም ፋብሪካው ሲዘጋ ይህ እውቀት ከሠራተኛው ጋር ይቀበራል፤ የልጅ ልጁ «አያቴ ፋብሪካ ይሠራ ነበር» ከማለት በቀር የሚናገረው አይኖረውም። ለእኛ የዚህ ዓይነት ጽሑፍ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። የቀጣሪ መዝገብ የተመረተውን ይቆጥራል እንጂ ሥራው በሰው ገላ ላይ ያደረሰውን አያሰፍርም።

«ማንም ይጠይቅ፣ ታሪኩ ያው ነው»

አይደለም። በዋርሶ የሚገኝ የማኅበራዊ ኢኮኖሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1931 ሥራ አጦች ሕይወታቸውን እንዲጽፉ በውድድር ጋብዞ 774 ጽሑፎች ደረሱት፤ በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ የገቡት 57 ብቻ ናቸው። ስለ ሥራ አጥነት የተጠየቀ ሰው ስለ ረሃብና ስለ ቤት ኪራይ ይጽፋል፤ ያው ሰው ለልጅ ልጁ ቢጽፍ ስለ ሙያውና ስለ ሠርጉ ያወራል። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ማን እንደጠየቀ፣ ሽልማት እንደነበረውና ማን እንደመረጠ አጣሩ።

«ስህተቱ ታርሞ መውጣት አለበት»

ብዙ ጥሩ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። አራሚው የወርክሾፑን ቃል በመዝገበ ቃላት ቃል ይተካል፤ «እኛ» የሚለውን «እኔ» ያደርገዋል፤ የተደጋገመውን ይሰርዛል። ድግግሞሹ ግን ጸሐፊውን ሲከነክነው የኖረውን ያሳያል። ዋናውን ደብተር አትንኩ። እያንዳንዱን ገጽ ከነሽፋኑ ፎቶ አንሱ፤ ከነፊደል ግድፈቱ መስመር በመስመር ገልብጡ፤ እርማቱን በሁለተኛው ቅጂ ላይ ብቻ አድርጉ። ያልገባችሁ የሙያ ቃል ካለ ጸሐፊው በሕይወት ሳለ ጠይቁና መልሱን በቅጂው ኅዳግ ላይ ከነቀኑ ጻፉ።