ጾም ሳይፈታ የሚመጣ አዲስ ዓመት

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

ሩሲያውያን አዲስ ዓመትን ሁለት ጊዜ ያከብራሉ። አንዱ ጃንዋሪ 1 ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጃንዋሪ 14፣ «አሮጌው አዲስ ዓመት» የሚሉት። እኔ ታሪኩን ያወቅሁት ስለ ጾም ሳነብ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከልቤ አልወጣም።

ሩሲያ እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ከዛሬው የአውሮፓውያን አቆጣጠር 13 ቀን ወደ ኋላ በሚቀረው በዩልዮስ አቆጣጠር ትመራ ነበር። በዚያ ዓመት የሌኒን መንግሥት አዋጅ አወጣና ጃንዋሪ 31 ማታ የተኛ ሰው ሲነጋለት ፌብሩዋሪ 14 ሆነ። 13 ቀን ተዘለለ። ቤተ ክርስቲያን ግን በዓላቷን በቀድሞው አቆጣጠር ቀጠለች። በ1923 በፓትርያርክ ቲኮን ዘመን አዲሱን ለማስገባት ቢሞከርም ምእመኑ አልቀበል ስላለ ወር ሳይሞላው ቀረ።

ከአዋጁ በፊት የልደት ጾም ይቀድማል፣ ልደት ይከተላል፣ በስምንተኛው ቀን አዲስ ዓመት ይገባል። ሰው ዓመቱን የሚቀበለው ጾሙን ፈትቶ፣ በልደት ደስታ ውስጥ ሆኖ ነበር። በአንዳንድ አካባቢ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ እፍኝ ስንዴ ይበትኑና መልካም ዓመት ይመኙ ነበር። ከአዋጁ በኋላ ግን የቤተ ክርስቲያን ልደት በአዲሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7፣ የቀድሞው አዲስ ዓመትም ጃንዋሪ 14 ላይ ስለዋለ፣ የመንግሥቱ አዲስ ዓመት ከልደት ቀደመ፤ በጾሙ የመጨረሻ ሳምንት ላይ ወደቀ።

እስቲ ያንን ሌሊት አስቡት። ገበታው ሞልቷል፤ ድንች፣ እንቁላልና ቋሊማ በማዮኔዝ የተለወሰበት ኦሊቪዬ የሚሉት ሰላጣ መካከል ላይ ተቀምጧል። ጾመኛው ከገበታው ጫፍ ሆኖ የጾም ምግቡን ይበላል። ዘመዶቹን አይነቅፍም፤ ጾሙንም አይፈታም። እኔን የሚነካኝ ይህ ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ይህን ገበታ ታውቁታላችሁ። ዲሴምበር 25 በአብዛኛው ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ገና በጾመ ነቢያት ውስጥ ነን። የሥራ ባልደረባ ኬክ ቆርሶ «ለአንድ ቀን ምን አለበት?» ሲል፣ እንኳን አደረሳችሁ በሉት፣ አብራችሁት ተቀመጡ፣ ኬኩን ግን ተዉት። ጌታችን ስትጾሙ ፊታችሁን ታጠቡ ያለው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ጭምር ነው። በቀን ልዩነት ደግሞ ማንንም አትንቀፉ። የግሪክና የሩማንያ አብያተ ክርስቲያናት በ1924 ልደትን ወደ ዲሴምበር 25 አዛውረዋል፤ የሚያከብሩት ያንኑ ሕፃን ነው።

ጃንዋሪ 14 በአብዛኛው ዓመት የእኛ ጥር 6፣ በዓለ ግዝረት ነው። ጌታ በስምንተኛው ቀን ተገርዞ ኢየሱስ የተባለበትን ዕለት ሩሲያውያንም በዚያው ቀን ያከብራሉ። አብያተ ክርስቲያናትን በለየው በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት በቁርባን አንድ ባንሆንም፣ በዚያ ጠዋት የሚቀድሱት የቅዱስ ባስልዮስን ቅዳሴ ነው፤ በእኛም ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በዚሁ አባት ስም ይጠራል። በዋዜማው ማታ በየቤቱ ገበታው ለሁለተኛ ጊዜ ይዘረጋል። ጾሙ ተፈትቷል። ያ ከጫፍ ተቀምጦ የነበረው ጾመኛ አሁን መካከል ገብቶ ከሁሉም ጋር ይቆርሳል።