«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል»፦ የባዚል ግራ እና የውጅግራ ነገር

ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ለቅሶ ቤት ነው። ሥጋ አፈር ይገባል፣ ስም ግን ከላይ ይቀራል ማለት ነው። ደግ ሠርቶ ላለፈ ሰው ምስጋና ነው፤ ገና በሕይወት ላለው ደግሞ ስምህን ጠብቅ የሚል ምክር።

መነሻው የለቅሶ ሥርዓታችን ይመስለኛል። ድሮ ጀግና ሲሞት ፈረሱና ጠመንጃው ለቅሶው ላይ ይወጡ ነበር። አልቃሽ ስሙን እየጠራች የዋለበትን ትዘረዝራለች። እሱ ከተቀበረ በኋላም ግጥሙ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል። እንግዲህ አባባሉ ስም ሲል ስምና ሥራ አንድ ላይ ማለቱ ነው።

ሁለቱ የተለያዩበት ሰው ግን አለ። በቀረርቶና በፉከራ ደጋግሞ የሚነሳውን ውጅግራ የሚባል የድሮ ጠመንጃ ሁላችንም እናውቀዋለን። በውስጡ የሰው ስም እንዳለ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ፈረንሳዮች መሣሪያውን «ፊዚ ግራ» ይሉታል፤ ግራ የተባለው ሰው ጠመንጃ ማለት ነው። እኛ አፍ ላይ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ።

ባዚል ግራ በ1836 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) የተወለደ ፈረንሳዊ የጦር መኮንን ነበር። አገሩ በ1870 ከፕሩሲያ ጋር ስትዋጋ ወታደሮቿ ሻስፖ የሚባል ጠመንጃ ይዘው ነበር። ሻስፖ ከጠላት ጠመንጃ አርቆ ይመታል። የጥይቱ መጠቅለያ ግን ወረቀት ነው። ወረቀት ደግሞ ይረጥባል፣ ይቀደዳል። ጋዙ ወደ ኋላ እንዳያመልጥ የሚያሽገው ላስቲክም በሙቀት ያልቃል። ግራ ሻስፖን አልጣለውም። ባለ ቀለህ ጥይት እንዲጎርስ አድርጎ አሻሻለው። 11 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት። የፈረንሳይ ጦር በ1874 ተቀበለው። ብዙ አሮጌ ሻስፖዎችም በዚሁ መንገድ ተለወጡ። አዲስ ነገር ከመፍጠር ይልቅ ያለውን እንዲህ ማዳን ለእኔ ትልቅ ችሎታ ነው።

በ1886 ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩስ አዲስ ጠመንጃ መጣ። የግራ ጠመንጃ ከፈረንሳይ ጦር እጅ እየወጣ ወደ ነጋዴ ገባ፤ በኦቦክና በጅቡቲ በኩልም ወደ እኛ አገር ጎረፈ። አድዋ ላይ በ1896 በሠራዊታችን እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች አንዱ ይኸው ነበር። ሰውየው እስከ ጄኔራልነት ደርሶ በ1901 ሞተ። ስሙ በእኛ ፉከራ ከመቃብር በላይ ዋለ፤ እሱን የሚያስታውስ ግን አልነበረም። ይህ ያሳዝነኛል፤ አባባላችን የሚመኘው እንዲህ ያለውን ስም አይደለምና።

የ1886ቱ ጠመንጃ ታሪክ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በሥራው ብዙ መኮንኖች ተሳትፈዋል፤ ግራም አንዱ ነው። ሰው ግን ጠመንጃውን በኮሎኔል ሌበል ስም ጠራው። የሌበል ድርሻ በዋናነት ጥይቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ስሜን አታድርጉበት ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። ማንም አልሰማውም። ጠመንጃው ዛሬም ሌበል ነው የሚባለው።