«ወጣ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል? ስለ መውጣትና መነሳት ቃላት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚያቀና ሰው «ወደ ፒያሳ ልወጣ ነው» ይላል። ያው ሰው ጠዋት ከቤቱ ወጥቷል፤ ፀሐይም ወጥታለች፤ የቢሮውን ደረጃ ወጥቷል፤ ልጁም ከክፍሉ አንደኛ ወጥቷል። አማርኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግስ ሲሸከም የሚደናገር የለም። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ቃል ይጠይቃል። በዚሁ ዳገት ላይ ባለች ትንሽ የትርጉም ቤት ስሠራ ደጋግሜ የማርማቸው ስህተቶች ከዚህች ግስና ከእህቷ ከ«ተነሳ» የሚፈልቁ ናቸው። የስንፍና ስህተቶች አይደሉም። አማርኛን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው የሚሠራቸው ናቸው፤ ለዚህም ነው ምክንያታቸው ተገልጦ እንዲታረሙ የምፈልገው።

«ወጣ» ማለት «ጎ አውት» ነው

«ጎ አውት» ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ ነው፤ ወደ ላይ መሄድን አይነካም። «ዘ ሰን ዌንት አውት» ብሎ የጻፈ ሰው ለእንግሊዝኛ አንባቢ የነገረው ፀሐይ መጥፋቷን ነው፤ ሻማና እሳት ሲጠፉ የሚባለው እንዲሁ ነውና። ማለዳ ስትወጣ «ዘ ሰን ሮዝ» ይባላል። ከደመና ውስጥ ብቅ ስትል ደግሞ «ዘ ሰን ኬም አውት» ትክክል ነው። የቸርችልን ዳገት በእግር መውጣት «ጎ አፕ» ወይም «ዎክ አፕ» ነው።

«ራይዝ» እና «ሬይዝ» አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በአነጋገር ብቻ ነው

ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ በማመልከቻ፣ በሪፖርትና በውል ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። «ራይዝ» በራሱ ከፍ የሚል ነገር ግስ ነው፦ ጭስ፣ ፀሐይ፣ የወንዝ ውሃ፣ ኩፍ የሚል ሊጥ። ያለፈው ጊዜ «ሮዝ» ነው፤ ሦስተኛው ቅርጽ «ሪዝን»። «ሬይዝ» ግን ሁልጊዜ ተቀባይ ይፈልጋል፤ እጅ ያነሳሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ገንዘብ ያሰባስባሉ። ሁሉም በእንግሊዝኛ «ሬይዝ» ነው፤ ያለፈው ጊዜም «ሬይዝድ»።

አማርኛ ለዚህ ልዩነት እንግዳ አይደለም። «ተነሳ» እና «አነሳ» ያለን ሰዎች ልዩነቱን ከልጅነት ጀምሮ በአፋችን ይዘነዋል። ታዲያ ለምን እንስታለን? ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የ«ጨመረ» ነው። «ዋጋው ጨመረ» እንላለን፤ «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ» ም እንላለን። ግሱ ቅርጹን ሳይለውጥ ሁለቱንም ስለሚያገለግል፣ ተርጓሚው ማን እንደጨመረ ሳይጠይቅ ያልፍና «ዘ ፕራይስ ሬይዝድ» ይጽፋል። እንግሊዝኛ አንባቢው ደግሞ «ዋጋው ምንን አነሳ?» ብሎ ይጠብቃል።

መፍትሔው እዚሁ ቋንቋችን ውስጥ አለ። «ጨመረ»ን ሰርዘው በምትኩ «ከፍ አለ» ወይም «ከፍ አደረገ» ይሞክሩ። ዋጋው ከፍ አለ፦ «ሮዝ»። ነጋዴው ዋጋውን ከፍ አደረገ፦ «ሬይዝድ»። የታክሲ ታሪፍ ከፍ ተደረገ፦ «ዋዝ ሬይዝድ»። ይህን መፈተኛ ላስተማርኳቸው ሁሉ ሌላ የሰዋስው ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

በነገራችን ላይ የደመወዝ ጭማሪን እንግሊዞች «ፔይ ራይዝ» ሲሉት አሜሪካውያን «ሬይዝ» ይሉታል። እዚህ ላይ ሁለቱም ስም ናቸው፤ አንዱ የሌላው ስህተት አይደለም። በስብሰባ መካከል ጥያቄ «ሲነሳ» ደግሞ ሦስተኛ ዘመድ ይመጣል፦ «አራይዝ»። ችግርና ጥያቄ በራሳቸው ሲከሰቱ በዚህ ይገለጻሉ፤ ጥያቄውን ያነሳው ሰው ከታወቀ ግን ወደ «ሬይዝ» እንመለሳለን።

«አሴንድ» የተማረ ሰው ቃል ስለሆነ ከ«ጎ አፕ» ይሻላል

አይሻልም። «አሴንድ» የሥነ ሥርዓት ልብስ የለበሰ ቃል ነው። ንጉሥ ወደ ዙፋን ሲወጣ፣ ፊኛ ወደ ሰማይ ሲያርግ፣ ጠላቂ ዋናተኛ ከጥልቅ ውሃ ወደ ላይ ሲመለስ ያምርበታል። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ፋይል ይዞ የወጣ ሠራተኛ «አይ አሴንድድ» ብሎ ሲጽፍ ግን ሥራው ሳይሆን ቃሉ ይታያል። ብዙ ጎበዝ ወጣቶች ትልቅ ቃል ትልቅ ዕውቀት መስሏቸው ጥሩ ደብዳቤ ሲያበላሹ አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ተራው ቃል ትክክለኛ ሲሆን ክብሩም ያው ነው።

«ክላይም» ወደ ላይ ብቻ ነው

የ«ክላይም» ዋና ነገር አቅጣጫው አይደለም፤ እጅና እግርን መጠቀም፣ መቆናጠጥ ነው። ስለዚህ ከዛፍ መውረድ «ክላይም ዳውን»፣ በመስኮት መውጣት «ክላይም አውት» ይባላል። በቃሉ መጨረሻ የሚጻፈው «ቢ» ድምፅ የለውም፤ «ክላይምብ» እና «ክላይምበር» የሚሉት አነባበቦች መተው አለባቸው።

«ዕርገት» ሁልጊዜ «አሴንሽን» ነው

የክርስቶስ ዕርገት፣ ከትንሣኤ በኋላ በ40ኛው ቀን የሚከበረው፣ በእርግጥ «አሴንሽን» ነው። በነሐሴ 16 የፍልሰታ በዓል የሚታሰበውን የእመቤታችንን ዕርገት እንግሊዝኛ በሌላ ስም ይጠራዋል፦ «አሳምፕሽን»። ልዩነቱ የመጣው ከግሱ ነው። የመጀመሪያው በራስ መውጣትን ያመለክታል፤ ሁለተኛው መወሰድን። አማርኛ «ዐረገ» እና «ዐረገች» ብሎ አንድ ግስ ሲሰጥ እንግሊዝኛ ለሁለት ይከፍለዋል። «አሳምፕሽን» ማለት «ግምት» ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ የላቲን ሥሩ ግን «መውሰድ» ነው፤ አንድን ነገር እውነት ነው ብሎ መውሰድም ከዚያው የመጣ ነው።

ሌላም አለ። በትንሣኤ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል እንግሊዝኛው «ክራይስት ኢዝ ሪዝን» ይላል። «ኢዝ»ን ያየ ተማሪ «ተነሣ» ሳይሆን «እንዲነሣ ተደረገ» ዓይነት የተደራጊ ግስ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሶች ዛሬ «ሃዝ» በሚገባበት ቦታ «ኢዝ» ይወስዱ ነበር፤ ያ ቅርጽ በዚህ ሰላምታ ውስጥ ተጠብቆ ቀርቷል። ተንሥአ ተንሥአ ነው፤ በራሱ የተነሣ።

«ኤስካሌተር» ከ«ኤስካሌት» የተገኘ ነው

የሆነው ተቃራኒው ነው። «ኤስካሌተር»፣ ማለትም የሚንቀሳቀሰው ደረጃ፣ መጀመሪያ የኦቲስ ኩባንያ የንግድ ምልክት ነበር። ማሽኑ እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየ፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ስሙ የሁሉም ሆኗል ተብሎ ኩባንያው የብቸኝነት መብቱን አጣ። «ኤስካሌት» የሚለው ግስ ከማሽኑ ስም ተቆርጦ የወጣ ነው፤ ስለ ጦርነትና ስለ ግጭት መባባስ የሚነገርበት ትርጉምም የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ሥራ ነው። ዛሬ በቢሮዎቻችን ቅሬታን ወደ አለቃ ማሳለፍ «ኤስካሌት ማድረግ» ሲባል እሰማለሁ፤ ከስሩ የሚንቀሳቀስ ደረጃ አለ።

አዲስ አበቤው ደግሞ ሳያውቀው የዚህ ቤተሰብ አባል የሆነ ቃል አለው፦ አሳንሰር። እንደ ለገሃር ሁሉ የፈረንሳይኛ ቅርስ ነው፤ ከ«አሴንድ» ጋርም መውጣትን ከሚያመለክት አንድ የላቲን ሥር ይመዘዛል። እንግሊዞች «ሊፍት»፣ አሜሪካውያን «ኤሌቬተር» ይላሉ፤ «ሊፍት» ያልተማረ ሰው አነጋገር ነው የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

«ፈርስት ፍሎር» አንደኛ ፎቅ ነው

ለእንግሊዝ አዎ። ሕንፃዎቻችንን የምንቆጥረው በዚያው መንገድ ነው፤ «ጂ ፕላስ 4» ሲባል መሬት ላይ ያለው ወለል ተለይቶ ከላዩ አራት አሉ፣ በድምሩ አምስት። አሜሪካዊ ግን መቁጠር የሚጀምረው ከመንገዱ ከገባበት ወለል ነው። «ፈርስት ፍሎር እጠብቅሃለሁ» ተብሎ የተቀጠረ አሜሪካዊ እንግዳ በሩ አጠገብ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ የቀጠረው ሰው ደግሞ አንድ ፎቅ ከበላዩ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል።