የከተማ ማንነት ምንድን ነው? ባሕር ዳርን የሠሯት ሰዎች

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ስለ ከተማዋ ሲጠየቅ ጣናን፣ ዓባይንና ዘንባባዎቹን ይጠራል። እነዚህ መልኳ ናቸው። የከተማ ማንነት ስንል ግን ስለ ሰው እያወራን ነው። ሰዉ በምን ይተዳደራል? ምን ይበላል? ሰው ሲሞትበት ማን ይደርስለታል? አዲስ ሰው ሲመጣስ እንዴት ይቀበለዋል? የእነዚህ መልስ የሚገኘው ማን ከየት መጣ፣ ምን ይዞ መጣ፣ ከነባሩስ ጋር እንዴት ኖረ ከሚለው ነው።

ባሕር ዳር ለረጅም ዘመን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለች ትንሽ መንደር ነበረች። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የጦርና የአስተዳደር ጣቢያ ሆነች። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1950ዎቹ ነው። ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የቴክኒክ ሙያ ማስተማሪያው ፖሊ ቴክኒክ ተከፈተ። ማስተር ፕላኗን የጀርመን ባለሙያዎች አወጡላት።

ፋብሪካ ሰው ይጠራል። ከጎጃም ገጠር፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሌላም አካባቢ ወጣቱ እየተነሣ መጣ። እርሻ ላይ ያደገ ልጅ በፈረቃ መግባትና መውጣት፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ መቀበል ለመደ። ዘመድ አጠገቡ የሌለ ሰው ደግሞ ዕድር ይገባል፣ ዕቁብ ይጥላል። የባሕር ዳር ማንነት ከሁሉም በላይ የተሠራው እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ትናንት የማታውቀው ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት አብረኸው ድንኳን ትተክላለህ፣ ቀብር ትወጣለህ። ከዚያ በኋላ ባዳ አይደለህም። የሠራተኛው ልጅ ዛሬ «የየት ልጅ ነህ?» ሲባል የአባቱን ወረዳ አይጠራም፤ «የባሕር ዳር» ይላል።

በ1992 ዓ.ም. ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ተማሪው ከመላ አገሪቱ ይጎርፍ ጀመር። በ1987 ቆጠራ ከተማዋ 96 ሺህ ያህል ሰው ነበራት። በ1999 ደግሞ ከ155 ሺህ በላይ ሆነ። ይህ ሁሉ በወሊድ ብቻ አይመጣም።

አሁን ከባዱ ነገር። ከሐይቁ ቀደምት ነዋሪዎች መካከል ነገደ ወይጦ አሉ። ታንኳን ከደንገል፣ ማለትም ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ተክል፣ እያሰሩ የሚሠሩት፣ ጣናን እንደ ግቢያቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ ፎቶ ሲያነሣ ታንኳ ይፈልጋል፤ ሆቴሉም ግድግዳው ላይ ታንኳ ይሥላል። ባለቤቶቹን ግን ሕዝቡ ለዘመናት አግልሏቸዋል። ድሮ ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር አብሮ መብላት፣ መጋባት ነውር ተደርጎ ቆየ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቷል፤ አሁን የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ የሐይቁ ዳር ለሆቴልና ለመዝናኛ ተፈለገ፤ እነሱም ከዳሩ እየተገፉ ሄዱ። ደንገሉም ሳሳ።

ይህ ስለ ከተማ ማንነት ትልቅ ነገር ይነግረናል። የአንድን ሕዝብ እጅ ሥራ የከተማ ምልክት አድርጎ፣ ሕዝቡን ከማዕድ ማራቅ ይቻላል። ከሩቅ የመጣው የፋብሪካ ሠራተኛ በዕድር በኩል የአገር ልጅ ሲሆን፣ እዚያው ውኃ ዳር የተወለደው ባዳ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ከተማ ውስጥ ስንት ዓይነት ሰው እንደሚኖር ማወቅ አይበቃም። ማን ከማን ጋር ይበላል? ቦታ ሲታደል የማን ስም ይጻፋል? ባሕር ዳር ለነገደ ወይጦ ዕዳ አለባት፤ በግልጽ ልንናገረው ይገባል።

ዛሬ ደግሞ ሌላ እንግዳ አለ። ከመተከል፣ ከወለጋ ተፈናቅለው ባሕር ዳርና አካባቢዋ የተጠጉ ብዙ ናቸው። ዘመድ ቤት የገባ አለ፣ መጠለያ የገባም አለ። ከተማ ውስጥ መታወቂያ ለማውጣት በተለምዶ ከቀድሞው ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል። ሌሊት ነፍሱን ይዞ የሮጠ ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? መታወቂያ ከሌለ ቤት መከራየትም፣ ሥራ መግባትም ይከብዳል። ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ማስረጃ መቀበል ይገባል፤ ሁለት የሠፈር ሰው መስክሮላቸው መመዝገብ ቢችሉ እንኳ ትልቅ እፎይታ ነው። ዕድሮችም መመዝገቢያ ገንዘቡን በየወሩ ከፋፍለው ቢቀበሏቸው ነገ ሐዘን ሲደርስባቸው ብቻቸውን አይቀሩም።