ከ20ኛው ደረጃ በላይ ያለው ነጥብ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር በአንድ ጓደኛችን በረንዳ ላይ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ለመጫወት ዳይስ እንወረውራለን፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ፣ የልምድ ነጥብ እየሰበሰበ ደረጃውን የሚያሳድግበት ጨዋታ ነው። ሰሞኑን አንዱ ወረቀቱን ይዞ ተነሣ፦ «ሁለተኛ ደረጃ የገባሁት በ300 ነጥብ ነው። ለሦስተኛው 900 ይላል፤ የሚቀረኝ ስንት ነው?»

600 ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም የልምድ ነጥብ ድምር ነው፤ ደረጃ ሲታለፍ ወደ ዜሮ አይመለስም።

ዋናው ውዥንብር ያለው ግን ከላይ ነው። የደረጃዎቹ ሠንጠረዥ በ355,000 ነጥብ፣ 20ኛው ደረጃ ላይ ያበቃል። 21ኛውን የሚፈልግ ገጽ ሲያገላብጥ ይውላል፤ የለም። ነጥቡ ግን መጠራቀሙን አያቆምም። የጨዋታው መሪ ከፈቀደ፣ ከ355,000 በላይ በተገኘ በየ30,000 ነጥቡ ገጸ ባሕርይው አንድ ልዩ ጸጋ ይቀበላል። 391,000 ላይ የደረሰ ጠንቋይ 36,000 ትርፍ አለው፤ አንድ ጸጋ ወስዶ ለሁለተኛው 24,000 ይቀረዋል። ከጸጋዎቹ አንዱ እርጅናን ጨርሶ ያስቀራል፤ ለእኔ ግን ይህ የሚያምረው በወረቀት ላይ ነው፤ ዘመቻው፣ ማለትም ቡድኑ በተከታታይ የሚጫወተው ታሪክ፣ ብዙውን ጊዜ ከጠንቋዩ ዕድሜ በፊት ያልቃልና።

መሪው ካልፈቀደስ? ያኔ ትርፉ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ 19ኛው ላይ ሳላችሁ ጠይቁት።