የዕዳና የገቢ ምጣኔ ምንድን ነው? በአሜሪካ ተበድሮ ሳይንስ መማር

የዕዳና የገቢ ምጣኔ፣ አንድ ተመራቂ ለትምህርት ብድሩ በዓመት የሚከፍለው ገንዘብ ከዓመት ገቢው ስንት በመቶውን እንደሚወስድ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የዓመቱ ክፍያ ለዓመቱ ገቢ ይካፈላል። ከባዱ ነገር የየትኛውን ዓመት ገቢ፣ በስንት ዓመት የሚያልቀውን ብድር እንደምንወስድ መወሰኑ ነው። በሳይንስ ዲግሪ ላይ ደግሞ ይህ ውሳኔ መልሱን ይገለብጠዋል።

30,000 ዶላር ተበድሮ በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት እናስብ። መጠኑ ከእውነታው የራቀ አይደለም፤ በወላጆቹ ሥር ያለ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ከፌዴራል መንግሥት በስሙ የሚበደረው ጣሪያ በጠቅላላው 31,000 ዶላር ነው። ወለዱ 6 በመቶ፣ የመክፈያው ጊዜ 10 ዓመት ቢሆን በወር 333 ዶላር፣ በዓመት 4,000 ዶላር ያህል ይከፍላል። ደመወዙ በዓመት 40,000 ዶላር ከሆነ ምጣኔው 10 በመቶ ነው፤ 50,000 ካገኘ ወደ 8 በመቶ ይወርዳል።

8 በመቶ የታወቀ ድንበር ነው። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው፣ በ2019 የሻረው፣ በ2023 ደግሞ መልሶ ያጸደቀው ደንብ አንድን የትምህርት ፕሮግራም የሚመዝነው በዚህ ነው። የተመራቂዎቹ የብድር ክፍያ ከዓመት ገቢያቸው ከ8 በመቶ ካልበለጠ ፕሮግራሙ በዕዳ መለኪያው ያልፋል። ከበለጠም ሌላ በር አለ፤ ከድህነት ወለሉ አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ከሚያገኙት ገቢ ክፍያው 20 በመቶ ካልበለጠ ይበቃዋል። ደንቡ የወጣው ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ለሚሰጧቸው ፕሮግራሞችና በሌሎቹ ኮሌጆች ላሉ የሰርተፊኬት ሥልጠናዎች ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል በዚህ አይቀጣም። ቢሆንም ተማሪው ቁጥሩን ለራሱ ሒሳብ እንዳይጠቀምበት የሚከለክለው የለም።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደንቡ የመጀመሪያ ዲግሪ ብድርን የሚያሰላው በ15 ዓመት እንደሚከፈል አድርጎ ነው። ያንኑ 30,000 ዶላር በ15 ዓመት ብንከፍለው የወሩ ክፍያ ወደ 253 ዶላር ይቀንሳል፤ 40,000 ዶላር የሚያገኘው ወጣትም ከ10 በመቶ ወደ 7.6 በመቶ ወርዶ «አለፈ» ይባላል። ዕዳው ግን አልቀለለም። በ10 ዓመት 10,000 ዶላር ያህል የነበረው ወለድ በ15 ዓመት ከ15,000 በላይ ሆኗል። ስለዚህ አንድ ሰው ምጣኔውን ሲነግራችሁ አስቀድማችሁ በስንት ዓመት እንደተሰላ ጠይቁት። ይህን ሳይናገር ቁጥሩን ብቻ የሚያሳይ ኮሌጅ አያስተማምንም።

ሌላው ጣጣ ገቢው ነው። «ሳይንስ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩት መስኮች በደመወዝ አይገናኙም። የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቅ በመጀመሪያ ዲግሪው ብቻ ጥሩ ደመወዝ ይዞ ሊጀምር ይችላል። በባዮሎጂ የተመረቀው ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በላቦራቶሪ ረዳትነት ነው፤ ደመወዙ የሚያድገውም ትምህርቱን ወደ ሕክምና ወይም ወደ ዶክትሬት ሲቀጥል ነው። ታዲያ የመጀመሪያውን ዓመት ደመወዝ ብቻ ያየ ሰው ባዮሎጂን ኪሳራ ነው ይላል፤ የሐኪም ደመወዝን ያየ ደግሞ ወርቅ ነው ይላል። ሁለቱም ያዩት ግማሹን ነው፤ ወደ ከፍተኛ ገቢ የሚወስዱት መንገዶች ራሳቸው የተለያየ ዕዳ አላቸውና። በአሜሪካ የሳይንስ ዶክትሬት ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያው ተሸፍኖለት የኑሮ ድጎማም ያገኛል። የሕክምና ተማሪ ግን በአብዛኛው በብድር ላይ ብድር ይጨምራል። ዶክትሬቱን የሚማረውም ቢሆን የቀድሞ ብድሩን መክፈል ለጊዜው ቢቆምለትም፣ መንግሥት ወለዱን በማይሸፍንለት የብድር ዓይነት ላይ ወለዱ በየቀኑ ይቆጠራል። አምስትና ስድስት ዓመት ሲቆይ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

መምህር ለመሆን ለሚያስብም ሒሳቡ ሌላ ነው። ደመወዙ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚበዙበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለተከታታይ አምስት ዓመት ሒሳብ ወይም ሳይንስ ያስተማረ ብቁ መምህር እስከ 17,500 ዶላር ዕዳ ይሰረዝለታል። ለአብዛኞቹ ሌሎች መምህራን የተፈቀደው እስከ 5,000 ዶላር ነው። ከ30,000 ዶላር ዕዳ ላይ 17,500 ሲነሳ ምጣኔው ምን እንደሚሆን አስቡት።

ቁጥሮቹን ለማግኘት ከሁሉ የሚሻለው እ.ኤ.አ. በ2013 የተከፈተው ኮሌጅ ስኮርካርድ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው። የየኮሌጁን ብቻ ሳይሆን የየትምህርት መስኩን መካከለኛ ገቢና ዕዳ ያሳያል። መታየት ያለበትም ይኸው ነው፤ የኮሌጁ ጠቅላላ አማካይ የኢንጂነሩንና የባዮሎጂ ምሩቁን ደመወዝ ቀላቅሎ ሁለቱንም ይሸፍናል። መረጃው የሚሰበሰበው የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ካገኙ ተማሪዎች መሆኑንም ልብ ማለት ይገባል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የየመስኩ ገቢና ዕዳ የሚቆጠረው ለተመረቁት መሆኑ ነው። ኬሚስትሪ ጀምሮ በሁለተኛው ዓመት ያቋረጠ ተማሪ በዚያ ምጣኔ ውስጥ የለም፤ ዕዳው ግን አለ። ከትምህርት ከወጣ ከስድስት ወር በኋላም ክፍያው ይጀምራል፤ ዲግሪው የሚያመጣው ደመወዝ ሳይኖር። ስለዚህ ኮሌጅ የሚመርጥ ሰው ከገቢው ቁጥር በፊት ከጀመሩት ተማሪዎች ስንቱ እንደሚመረቁ ይመልከት፤ ይህም እዚያው ድረ ገጽ ላይ ይገኛል።